ለፕሲኮሜትሪ ፈተና ምን ያህል መዘጋጀት ይበቃል?



በቅርስ ክፍላችን እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጉዳይ አጥንቶ ለወላጆች በአማርኛ እንዲያስረዳ ሥራ ተሰጥቶናል። ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ ስለ ስግድ፣ አንዳንዶቹ በሱዳን በኩል ስለተደረገው ጉዞ ጻፉ። እኔ የመረጥኩት ወደ ፊት የሚጠብቀንን ነገር ነው። እርሱም ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚሰጠው የፕሲኮሜትሪ ፈተና ነው። እኔ 16 ዓመቴ ነው፤ ፈተናውን ገና አልተፈተንኩም። ነገር ግን ታላቅ ወንድሜ ሲዘጋጅ በቤት ውስጥ አይቻለሁ፣ የፈተናውን መመሪያ አንብቤአለሁ፣ አስተማሪዎቼንም ጠይቄአለሁ።

በብዙ ቤቶቻችን ስለዚህ ፈተና መነጋገር የሚጀመረው ልጁ ከጦር ሠራዊት ሲመለስ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። «ስንት ወር ይፈጃል?» እና «ስንት ሼቄል ይፈልጋል?» ይባላል። ሳጠና ግን ከሁለቱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ እንዳለ ተረዳሁ። ልጁ አሁን የት ላይ ነው? ሊደርስ የሚፈልገውስ የት ነው? የዝግጅቱ ልክ የሚታወቀው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ርቀት ነው።

1. ፈተናው ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ እስከ 12ኛ ክፍል የተማሩ ወላጆች ማትሪክን ያስታውሳሉ። በእስራኤል ነገሩ በሁለት ተከፍሏል። አንዱ ባግሩት ነው። ባግሩት በትምህርት ቤት የተማርነውን ይፈትናል፤ ታሪክ፣ ኦሪት፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ሌላውንም። ሁለተኛው ፕሲኮሜትሪ ነው። ይህን የሚያዘጋጀው ትምህርት ቤት አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቹ በ1981 በፈረንጆች አቆጣጠር ያቋቋሙት የፈተናና የምዘና ብሔራዊ ማዕከል ነው። ዩኒቨርሲቲው የባግሩቱን አማካይና የፕሲኮሜትሪውን ውጤት አንድ ላይ አስልቶ ሴኼም የሚባል ቁጥር ያወጣል። ብዙ የትምህርት ክፍሎች ተማሪ የሚቀበሉት በዚህ ቁጥር ነው።

የፕሲኮሜትሪ ውጤት ከ200 እስከ 800 ነው። ፈተናው ሦስት ዓይነት ጥያቄ አለው።

የመጀመሪያው የቃልና የማሰብ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ ሁለት ቃላት ይሰጣሉ፤ በመካከላቸው ያለውን ዝምድና ማወቅ ያስፈልጋል። «ማጭድ ለእህል እንደሆነ መቀስ ለምንድን ነው?» እንደ ማለት ነው። መልሱ ጨርቅ ነው። ይህ በአማርኛ ለእናንተ ቀላል ነው። ለእኛ የሚሰጠው ግን በከባድ ዕብራይስጥ ነው፤ በመንገድና በስልክ የማንሰማቸው ቃላት ይገኙበታል። ሁለተኛው የሒሳብ ጥያቄ ነው። የሚጠየቀው ሒሳብ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ብዙ አያልፍም፤ ነገር ግን ያለ ማስሊያ መሣሪያ በፍጥነት መሥራት ያስፈልጋል። ሦስተኛው እንግሊዝኛ ነው።

ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ተፈታኙ በ30 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 25 መስመር ድርሰት ይጽፋል። ይህ ድርሰት የቃሉን ክፍል ውጤት ሩብ ይይዛል።

በጠቅላላው ውጤት ላይ የቃሉ ክፍል 40 ከመቶ፣ ሒሳቡ 40 ከመቶ፣ እንግሊዝኛው 20 ከመቶ ነው። ቃሉ ወይም ሒሳቡ የበለጠ የሚመዝንበት ሌላ ሁለት ውጤትም ይወጣል። የትኛውን እንደሚመለከት የሚወስነው የትምህርት ክፍሉ ነው። እንግሊዝኛ ግን በሦስቱም አለ። በዚያ ላይ ልጁ በእንግሊዝኛው 134 ወይም ከዚያ በላይ ካገኘ፣ በዩኒቨርሲቲ ከሚሰጠው የእንግሊዝኛ ማሟያ ትምህርት ነፃ ይሆናል።

2. የጭንቅላት መለኪያ ነው ወይ?

ወንድሜ ሲዘጋጅ አንድ ዘመዳችን «ፈተናው የሚለካው ጭንቅላት ከሆነ ጥናት ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቁ። ይህን ሌላም ሰው ሲል ሰምቻለሁ። አደገኛ አስተሳሰብ ይመስለኛል። እንዲህ የሚያስብ ልጅ ሳይዘጋጅ ይፈተናል፤ ውጤቱ ዝቅ ሲል «እኔ አልችልም» ይላል። ቤተሰቡም ያምነዋል። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ በማይወደው ሥራ ሊቀር ይችላል።

እስቲ ሰዓቱን እናስላው። በአንድ የሒሳብ ምዕራፍ 20 ጥያቄ በ20 ደቂቃ ይሠራል። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ማለት ነው። በቃሉ ምዕራፍ 23 ጥያቄ በ20 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ 52 ሰከንድ ያህል ይደርሰዋል። በእንግሊዝኛው 22 ጥያቄ በ20 ደቂቃ ነው። ጎበዝ ሰው እንኳ የጥያቄውን መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተናው ቀን ካየ፣ ገና «ምን ተባልኩ?» ሲል ደቂቃው ያልቃል። ስለዚህ ማንም ሰው ሳይለማመድ መግባት የለበትም። ይህ የልምድ ነገር እንጂ የጭንቅላት ብቻ አይደለም።

አንድ ትንሽ ምሳሌ ልጨምር። በዚህ ፈተና የተሳሳተ መልስ ነጥብ አያስቀንስም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አራት ምርጫ አለ። ይህን የሚያውቅ ልጅ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የቀሩትን ሁሉ ገምቶ ይሞላል። የማያውቅ ልጅ ባዶ ይተዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እውቀት ሳይሆን ዝግጅት ነው።

3. መጀመሪያ መለካት

የቅድሚያው ሥራ ገንዘብ አይፈልግም። የፈተናው ማዕከል ያለፉ ፈተናዎችን ከነመልሳቸው በኢንተርኔት ላይ በነፃ አውጥቷል። ልጁ አንዱን ወስዶ፣ ስልኩን አጥፍቶ፣ ሰዓት ይዞ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሥራው። ይህ ሲሙላጽያ ይባላል፤ የሙከራ ፈተና ማለት ነው። ውጤቱን ከሦስቱ ክፍሎች በእያንዳንዱ ለይቶ ይጻፈው።

ቀጥሎ የሚፈልገውን ትምህርት ይመልከት። ዩኒቨርሲቲዎቹ በኢንተርኔት ላይ ሴኼም ማስሊያ አላቸው። የባግሩቱን ነጥብ አስገብቶ ስንት ፕሲኮሜትሪ እንደሚያስፈልገው ያያል። ሕክምና በብዙ ቦታ ከ700 በላይ ይጠይቃል፤ ሌሎች ትምህርቶች ከዚያ ብዙ ዝቅ ባለ ይቀበላሉ። መጠኑ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት በገባበት ቁጥር መሄድ አይገባም።

ሁለቱ ቁጥሮች ከታወቁ በኋላ ሦስት ዓይነት ልጆች ይኖራሉ።

ሀ. የተጠጋ። የሙከራ ውጤቱ ከሚፈልገው ጥቂት ነጥብ ብቻ የሚርቅ ልጅ ውድ ኮርስ ላያስፈልገው ይችላል። ለጥቂት ሳምንታት ያለፉ ፈተናዎችን በሰዓት መሥራትና ስሕተቱን መመርመር ሊበቃው ይችላል።

ለ. መካከለኛ። ርቀቱ ሃምሳ፣ ሰማንያ ነጥብ የሆነ ልጅ ሁለት ወይም ሦስት ወር ሙሉ ጥናት ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ ኮርሶችም ይህን ያህል ጊዜ ይፈጃሉ። በእነዚህ ወራት ጥናቱ ዋና ሥራው መሆን አለበት።

ሐ. ሩቅ። ከመቶ ነጥብ በላይ የሚርቅ ልጅ መጀመሪያ የትኛው ክፍል እንደያዘው ማወቅ አለበት። እንግሊዝኛው ከሆነ በፕሲኮሜትሪ ኮርስ ውስጥ እንግሊዝኛ ከሥሩ አያስተምሩም። ይህ ልጅ ጥቂት ወራት ለእንግሊዝኛ ብቻ ሰጥቶ ወደ ፈተናው ቢመለስ ይሻለዋል።

ወንድሜ ሦስተኛው ዓይነት ነበር። አባቴ ለኮርሱ ብድር ሊወስድ አስቦ ነበር። ወንድሜ «አባ፣ መጀመሪያ በቤት ልሞክረው» አለ። ሞከረና ሒሳቡ ደህና፣ እንግሊዝኛው ግን ደካማ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ክረምቱን በሙሉ እየሠራ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አነበበ። ኮርስ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። የከፈለውም በራሱ ፒቃዶን ነው። አባቴ ያን ጊዜ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር ልንሆን ነበር» ብለው ሳቁ።

4. ስለ ኮርስና ስለ ገንዘብ

ኮርስ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? አቪ አላሉፍና ጌርሾን ቤን-ሻኸር የተባሉ የእስራኤል ተመራማሪዎች በ1998 ባሳተሙት ጥናት የተዘጋጁ ተፈታኞችን ካልተዘጋጁ ጋር አወዳድረው ነበር። ዝግጅቱ ውጤትን ከፍ አድርጓል፤ ጭማሪው ግን በአማካይ በፈተናው ሚዛን ወደ 25 ነጥብ የሚጠጋ ነበር። ይህ አማካይ ነው። አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ይጨምራል። 25 ነጥብ በር ላይ ለቆመ ልጅ ብዙ ነው፤ በሩን ሊከፍትለት ይችላል። መቶ ሃምሳ ነጥብ ለሚርቅ ልጅ ግን በኮርስ ብቻ ተስፋ ማድረግ አይበቃም።

ኮርስ ብዙ ሺህ ሼቄል ያስከፍላል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት እነዚህን መጠየቅ ጥሩ ነው።

ልጁ ከጦር ወይም ከሸሩት ሌኡሚ ጨርሶ ከሆነ ፒቃዶን አለው። ፒቃዶን ለትምህርትና ለፕሲኮሜትሪ ኮርስ እንዲወጣ ይፈቀዳል። ካምፑስ በሚባለው የኢንተርኔት መማሪያም ነፃ የመዘጋጃ ኮርስ ወጥቷል። ልጁ የማንበብ ችግር ወይም ሌላ የመማር ችግር እንዳለበት የሚያሳይ ምርመራ ካለው፣ ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጠው ለፈተናው ማዕከል ማመልከት ይችላል። ይህ ግን አስቀድሞ ከነማስረጃው መቅረብ አለበት፤ በፈተናው ሰሞን አይሆንም። ሻጩ በስልክ «ዛሬ ካልፈረማችሁ ዋጋው ይጨምራል» ካለ ደግሞ፣ ወረቀቱን ዕብራይስጥ በደንብ ለሚያነብ ሰው ሳያሳዩ አለመፈረም ነው።

5. ከብዙ ዓመት በፊት የሚጀመረው ዝግጅት

ሦስት ወር የሚያወራርደው ብዙ ዓመት የተከማቸውን ነው። ማሳው ደጋግሞ ሳይታረስ ጤፍ አይዘራበትም። ቄሶቻችንም ጸሎቱን በግዕዝ በቃላቸው የያዙት በሁለት ወር ኮርስ አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ ከታላላቆች እግር ሥር ተቀምጠው ነው። የፕሲኮሜትሪም ትልቁ ክፍል እንዲሁ ነው። እርሱም ቃላት ነው።

ፈተናው ከዕብራይስጥ ሌላ እንደ ዐረብኛና ሩሲያኛ ባሉ ቋንቋዎችም ይሰጣል፤ በአማርኛ ግን አይሰጥም። ስለዚህ የእኛ ልጆች የሚፈተኑት በዕብራይስጥ ነው። ወላጆቹ በቤት ዕብራይስጥ መጽሐፍና ጋዜጣ የሚያነቡለት ልጅ ከባድ ቃላትን ሳያስበው ይሰማል። እኛ እነዚያን ቃላት ከመጽሐፍ መልቀም አለብን። ይህ ይቻላል። አንድ ተማሪ በቀን 10 ቃል፣ በሳምንት 5 ቀን ቢያጠና በሳምንት 50 ይሆናል። በ40 ሳምንት 2,000 ቃል ነው። ግማሹን ቢረሳ እንኳ 1,000 ይቀርለታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ነው። ይህን ከ10ኛ ክፍል የጀመረና ከጦር በኋላ የጀመረ እኩል አይደሉም።

እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። በትምህርት ቤት 5 ነጥብ እንግሊዝኛ መማር ሁለት ጊዜ ይጠቅማል። ለባግሩቱ አማካይ በዩኒቨርሲቲ ጭማሪ ያሰጣል፤ ለፕሲኮሜትሪም ያዘጋጃል። ስለዚህ አስተማሪ ልጃችሁን ከ5 ወደ 4 ወይም ወደ 3 ነጥብ እናውርደው ቢል፣ ሳትጠይቁ እሺ አትበሉ። «ምን እርዳታ ቢያገኝ በ5 ሊቆይ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልጆችን የሚያስጠኑበት ፔራኽ የሚባል ፕሮግራምም አለ። በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ ወላጆች ደግሞ ትምህርቱን የተማራችሁት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኛ ልጆቻችሁ ይህን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን።

ለድርሰቱ ደግሞ ያለ ዕብራይስጥም መርዳት ይቻላል። በድርሰቱ አንድ ክርክር ይቀርባል፤ ተፈታኙ ሐሳቡን ከነምክንያቱ ይጽፋል። ሽማግሌዎች ሰው ሲያስታርቁ ሁለቱን ወገን ይሰማሉ፣ ያመዛዝናሉ፣ ከዚያ ፍርዳቸውን ከነምክንያቱ ይናገራሉ። የሚፈለገው ይኸው ነው። እኛ ግን ታላላቆች ሲነጋገሩ ዝም ማለት ስለተማርን ይህን በራሳችን አንለማመደውም። ከአክብሮት ጋር አንድ ነገር ልለምን። አንዳንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በሰንበት ማዕድ ላይ፣ «አንተስ ምን ትላለህ? አንቺስ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁን። በአማርኛ ምክንያት መስጠት የለመደ በዕብራይስጥም ይሰጣል።

6. ከገንዘብ ይልቅ ሰዓት

ወላጆች «እኛ ዕብራይስጡን አናውቅ፣ በምን እንርዳ?» ሲሉ እሰማለሁ። ብዙዎቹም መርዳት ማለት ገንዘብ መክፈል ነው ብለው ያስባሉ። አስተማሪዎቼን ስጠይቅ ግን ተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት በሰዓት ነው ብለው መለሱልኝ።

በቤታችን ታላቅ ልጅ ብዙ ሥራ አለበት። ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የመጣውን ደብዳቤ ያነባል፣ ሐኪም ቤት ሄዶ ያስተረጉማል፣ ታናናሾቹን ከመዋዕለ ሕፃናት ያመጣል። ሴት ልጅ ከሆነች የወጥ ቤቱም ሥራ አለ። ይህን የምንሠራው በፍቅር ነው፤ ቅሬታ አይደለም። ነገር ግን ለፈተና በሚዘጋጅበት ሁለት ሦስት ወር ይህ ሥራ ለሌላ ቢከፈል ለልጁ ከብዙ ሺህ ሼቄል ይበልጥበታል።

ሌላው ለቅሶ፣ ተስካርና ሠርግ ነው። ዘመዶቻችን በየከተማው ተበትነዋል። ከሐዴራ ወደ አሽቀሎን ለለቅሶ ሄዶ መመለስ ቀኑን ይጨርሳል። ልጁ ቢቀር ይታማል፤ «ተማርኩ ብሎ ዘመድ ረሳ» ይባላል። ልጁም ይሉኝታ ይዞት መጽሐፉን ዘግቶ ይሄዳል። ወላጅም ይሉኝታ ይዞት «ቅር» ሊለው አይችልም። እዚህ ላይ ሊረዱን የሚችሉት ሽማግሌዎችና ቄሶች ናቸው። አንድ የተከበረ ሽማግሌ በሰው ፊት «ይህ ልጅ ለፈተና እየተዘጋጀ ነው፤ እኔ ፈቅጄለታለሁ፤ ሲጨርስ መጥቶ ያጽናናል» ካሉ ማን ያማዋል? ይህ አንድ ቃል ማንም ኮርስ የማይሰጠውን ሰዓት ይሰጣል።

የቅርብ ቤተሰብ ሐዘን ከሆነ ግን ማንም ልጅ መቅረት አይፈልግም። የምለምነው ስለ ሩቁ ነው።

7. መቼ ይበቃል?

ዝግጅት ማነስ ብቻ ሳይሆን መብዛትም አለበት። ልጁ በሳምንት አንድ ሲሙላጽያ እየሠራ ውጤቱን ይጻፍ። ውጤቱ እየጨመረ ከሆነ ይቀጥል። ወደሚፈልገው ደርሶ በተከታታይ ከቆየ ይበቃዋል፤ ይፈተን። ሦስት ጊዜ በአንድ ቦታ ከቆመና ገና ሩቅ ከሆነ፣ ሰዓት መጨመር ሳይሆን አጠናኑን መለወጥ ያስፈልጋል። ከፈተናው በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት አዲስ ነገር ከመማር መተኛት ይሻላል።

የመጀመሪያው ፈተና የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። እንደገና መፈተን ይቻላል፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም የሚይዙት ከፍተኛውን ውጤት ነው። ይሁን እንጂ «ለመሞከር ያህል» ብሎ ሳይዘጋጁ መግባት የመመዝገቢያ ገንዘብና የልጁን ልብ ያባክናል። ለመሞከር ሲሙላጽያ በቤት አለ።

ውጤቱ ባይመጣም ሌላ መንገድ አለ። መኺና የሚባለው የዝግጅት ዓመት አለ። አንዳንድ ሚኽላሎት በባግሩት ብቻ ይቀበላሉ። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለመጀመሪያ ዲግሪ ያለ ፕሲኮሜትሪና ያለ ባግሩት ያስመዘግባል፤ ተማሪው ኮርሶቹን ካለፈ ዲግሪውን ያገኛል።

በአጭሩ፣ ምን ያህል መዘጋጀት ይበቃል ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። መጀመሪያ ርቀቱን እንለካ፤ ሳንለካ አንበደር። ቃላቱንና እንግሊዝኛውን ከ10ኛ ክፍል እንጀምር። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ልጁ ሰዓት ይኑረው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እኛ ልጆች እንሠራለን። ሰዓቱን ግን ከእናንተ ፈቃድ ውጭ ልናገኘው አንችልም።

የቃላት መፍቻ

ባግሩት፦ በትምህርት ቤት የሚሰጥ የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ፈተና
ሴኼም፦ ባግሩትና ፕሲኮሜትሪ አንድ ላይ የሚሰሉበት ቁጥር
ሲሙላጽያ፦ በሰዓት የሚሠራ የሙከራ ፈተና
ፒቃዶን፦ አገልግሎቱን ለጨረሰ ወታደር ወይም የሸሩት ሌኡሚ አገልጋይ የተቀመጠ ገንዘብ
መኺና፦ ከዩኒቨርሲቲ በፊት የሚሰጥ የዝግጅት ትምህርት
ሚኽላላ፦ ኮሌጅ፤ ሲበዛ ሚኽላሎት ይባላል

በቤት ለመወያየት

1. ልጃችሁ ምን መማር ይፈልጋል? ለዚያ ትምህርት ስንት ነጥብ እንደሚያስፈልግ አብራችሁ አይታችኋል?
2. ልጃችሁ በስንት ነጥብ እንግሊዝኛና ሒሳብ ይማራል?
3. በሳምንት ውስጥ የትኛው ሰዓት ለጥናት ብቻ ሊሆን ይችላል? በዚያ ሰዓት የልጁን ሥራ ማን ይሠራለታል?
4. ለሩቅ ለቅሶ ወይም ሠርግ ልጁ እንዲቀር የሚፈቅዱለት ሽማግሌ ማን ናቸው?